ፊቷን ያዞረችበት አሸዋ

አንዲት ሴት በጀልባ ትሄዳለች። ጭኗ ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዛለች። ማለዳ ነው፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ጣና ነው። እናንተ ብትሆኑ «እንዴት ደስ ይላል!» ትሉ ነበር። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳለች።

ለምን? ባሏ ከጎኗ ስለተቀመጠ።

አትሳቁ። ገና ምኑን ሰማችሁና ነው!

ሴትየዋ ይመኙሻል ትባላለች። ባሏ ስማቸው ይባላል፤ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ለተቸገረ እጁ አይታጠፍም፣ በሚስቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አለበት፦ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። ጨው ግዛ ሲሉት ገበያውን ዞሮ ዞሮ አይቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለቅሶ ሄዶ የድንኳኑን ስፋት ያደንቃል። ሐኪም ቤት ሰው ሊጠይቅ ሄዶ ከአስታማሚው ጋር ስለ ግቢው አበባ ሲያወራ የመጠየቂያው ሰዓት ያልፍበታል። እንዲህ ያለ ሰው አታውቁም? ታውቃላችሁ እንጂ። አንዳንዶቻችሁ አሁንም አጠገቡ ተቀምጣችኋል።

ወዴት ነው የሚሄዱት? ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ይህን ካልያዛችሁ ሌላው ሁሉ ተረት ይሆንባችኋል።

ይመኙሻል ታፈረ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ለእናቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው። ገና ጢሙ ሳይወጣ «ልመንን» ብሎ ተነሣ። እናቱ በር ላይ ልብሱን ያዘችው፤ ለመነችው፤ አለቀሰችበት። እሱ እንደሆነ ልቡ ቆርጧል፣ እምቢ አላት። ያን ጊዜ እናት አንጀቷ ሲቃጠል ምን አለችው? «ሂድ! ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ!» አለችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጁ ያን ቃል ተሸክሞ ሄደ። ጣና ውስጥ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ እዚያ ካለው ገዳም ገባ፣ መነኮሰ፣ አባ ገብረ ኪሮስ ተባለ። የደሴቷን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዳችሁ ፎቶ ትነሡበታላችሁ።

ያቺ ደሴት ከደረጃዋ ግርጌ በላይ ሴት የማይረግጣት ናት። ስለዚህ እናት ገብቼ ልየው ብትልም አልሆነላትም። ልጅም ለዓለም የሞተ ነውና አልመጣም። እንዲሁ ሳይተያዩ ብዙ ዓመት ኖሩ። በቅርቡ እናት ታመመች፤ ነፍሷ ልትወጣ ስትል ይመኙሻልን ጠጋ በይ አለቻት።

«ያን ቃሌን አንሺልኝ። ጡቴም እኔም ይቅር ብለንሃል በይው። በሰው እንዳትልኪበት፤ በአፍሽ ንገሪው።»

አደራ ነው። የሟች እናት አደራ! ከዚያ ደግሞ ምን ሆነ? ከገዳሙ ጨው ሊሸምት ወደ ከተማ የወጣ አንድ መነኩሴ ቤቷን አፈላልጎ መጣ። «አባ ገብረ ኪሮስ በጠና ታሟል፤ እግሩ አብጧል፣ ትንፋሽም እያጠረው ነው። የእናቱን ሞት ሰምቷል። ‹እናቴ ምን ብላ ሞተች? ምን ብላ ሞተች?› እያለ ሌት ተቀን ይጠይቃል» አላት። እሷም «ቅዳሜ እመጣለሁ በለው» ብላ ላከችበት።

አሁን ገባችሁ? አንድ የታመመ ሰው አንዲት ቃል እየጠበቀ ነው። ቃሏ ያለችው በእህቱ አፍ ነው። እህቱን የሚያደርሳት ስማቸው ነው። ስማቸው!

(ስለ አባ ገብረ ኪሮስ «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ መነኩሴ ናቸው። ለይመኙሻል ግን ያው አዝላ ያሳደገችው ታናሿ ስለሆነ በእሷ አፍ እሱ እያልኩ ላውራችሁ፤ አትቀየሙኝ።)

ጀልባ ነጂው አጉማስ የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ገና ከዳር ሲነሡ አንድ ነገር አላቸው። «ቀትር ላይ ንፋስ ይነሣል። ከዚያ በፊት ጉዳያችንን ጨርሰን መመለስ አለብን። ይቺ ጀልባ ከማዕበል ጋር መታገል አትችልም።»

«ሰምተሃል?» አለችው ይመኙሻል ባሏን።

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» አለ ስማቸው። ስልኩን አውጥቶ ውሃውን እየቀረጸ ነበር።

ደሴቷ ከሩቅ ስትታይ ይመኙሻል በሶውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ቃሏን በሆዷ ትለማመዳለች። ጡቴም እኔም ይቅር ብለንሃል። ጡቴም እኔም። አጉማስ የጀልባዋን ፊት እንግዳ ወደሚወርድበት ወደ ድንጋዩ ደረጃ አቀና። በዚህ ጊዜ ስማቸው ብድግ አለ፤ ጀልባዋም አብራ ዘነበለች።

«አጉማስ! በቀጥታ አትሂድ እንጂ! እስቲ መጀመሪያ ዙሪያዋን እንያት!»

«እኛ የመጣነው ወንድሜን ልናይ ነው» አለች ይመኙሻል።

«እናየዋለን! የት ይሄዳል? ደሴት ላይ እኮ ነው ያለው!»

እስቲ ለዚህ ምን መልስ አለው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እሷም ያጣችው ይህንኑ ነው። አጉማስ የከፈለውን ሰው ነው የሚያዳምጠው፤ መሪውን አዞረ።

እውነቱን ለመናገር ደሴቷ ታምራለች። እግዚአብሔር ሲሠራት አልቸኮለም። በምሥራቅ በኩል ጥቁር ገደል ነው፤ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የገባ፣ ወፎች ጎጆ የሠሩበት፣ ግርጌው ላይ ውሃው አረንጓዴ የሚሆንበት። በሰሜን በኩል ገደሉ ድንገት ያልቅና ደንገል ይተካል፤ ሰው የሚውጥ ረጅም ደንገል፣ ይብራ የሚባሉ የውሃ ወፎች የሚንጫጩበት። በምዕራብ በኩል ነጭ አሸዋ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ይተኛል። በደቡብ ደግሞ ሾላና ዋርካ እስከ ውሃው ዳር ወርደው ሥሮቻቸውን ጣና ውስጥ ይነክራሉ። ይህ ሁሉ በእግር እንኳ ቶሎ በሚዞሯት ትንሽ መሬት ላይ ነው።

ታዲያ ማየት ኃጢአት ነው? አይደለም! የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ እዩት! ግን ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እየጠበቀህ የግቢውን ጽጌረዳ ስታሸትት ብትውል ምን ትባላለህ?

ገደሉ ጋ ስማቸው «ቁም» አለ፤ ቆሙ። «ትንሽ ጠጋ» አለ፤ ተጠጉ። «ትንሽ ራቅ፣ ሙሉው አልገባልኝም» አለ፤ ራቁ። ይመኙሻል ፀሐይዋን ታያለች። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው።

«ስማቸው፣ ይበቃል።»

«አንዴ ብቻ።»

ደንገሉ ጋ ሲደርሱ ደግሞ «ውስጥ ለውስጥ እንለፍ፣ ይብራዎቹን ላሳይሽ» አለ። አጉማስ «ሞተሩ ይጠመድብናል» ብሎት ነበር። ማን ሰማው! ገቡ። ሞተሩ ደንገል ጠምጥሞ ጸጥ አለ። አጉማስ ቢላውን አውጥቶ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ እጁን ውሃ ውስጥ ከትቶ የተጠመጠመውን ይቆራርጥ ጀመር። ይብራዎቹ ሁሉ በርረው ሄዱ። ስማቸው ምን አለ? «ጸጥታው ደስ አይልም?»

ይመኙሻል ያን ጊዜ ፈነዳች።

«አንተ ሰውዬ! አንተ ከምን ተሠራህ? ወንድሜ እየሞተ ነው! እናቴ በአፍሽ ንገሪው ያለችኝ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ሊገድለኝ ነው! አንተ ይብራ ታሳየኛለህ?»

«ይመኙ፣ እኔ እኮ ሆድሽ እንዳይረበሽ፣ ትንሽ እንድትረሺው ብዬ...»

«እንድረሳው? ልረሳው ነው የመጣሁት?»

የማን ጥፋት ነው? የሱ ነው። ግልጽ ነው፣ የሱ ነው። እኔም ብሆን እናደዳለሁ። ሞተሩ ከብዙ ልፋት በኋላ ሲነሣና ከደንገሉ ሲወጡ የይመኙሻል ንዴት አልበረደም ነበር። ያገባችበትን ቀን ሁሉ ታስታውሳለች። ስማቸው የረሳውን ሁሉ፣ ያረፈደውን ሁሉ፣ ትዝ ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ ትነቅሳለች። ነገርን ነገር ያነሣዋል አይደል?

እንዲህ ሆና ሳለ ጀልባዋ ወደ ነጩ አሸዋ ብቅ አለች።

አሸዋው ላይ አንድ ሽማግሌ አባ ቆመዋል። ጎብጠዋል፣ ጢማቸው ነጭ ነው፣ ሰውነታቸው ከልብሳቸው አንሷል። ጀልባዋን ሲያዩ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉ።

«ይመኙ! እይማ! አንድ አባት ሰላም እያሉን ነው!» አለ ስማቸው፤ ክንዱን ሁሉ እያወዛወዘ።

ይመኙሻል ቀና አለች። አየቻቸው። ዓይን ለዓይን ሊባል በሚችል ርቀት አየቻቸው። ግን የባሏ ክንድ በመሃል ይወዛወዛል፤ ያንን ክንድ ስታይ ደሟ ፈላ። «ሁለተኛ እንዳታናግረኝ!» አለችው። ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተሸፈነች።

ስማቸው እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። አጉማስ አንገቱን ደፍቶ ነዳ። አሸዋው ላይ ያሉት አባት መቋሚያቸውን እንዳነሡ ቆዩ፤ ጀልባዋ ዞራ ከዛፎቹ ጀርባ እስክትሰወር ድረስ።

ገመታችሁ፣ አይደል? ፊታችሁ ላይ ይታያል፣ ገምታችኋል። እሷ ግን አልገመተችም። እሷ የምታውቀው ታፈረ ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ልቧ ደግሞ በባሏ ተሞልቶ ለሌላ ሰው ቦታ አልነበረውም።

ደረጃው ጋ ደረሱ። ደረጃው ግርጌ ዋርካ አለ፤ ከዋርካው ሥር ለሴቶች መቆያ የተተወ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሴት እስከዚያ ነው። ይመኙሻል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ በሶውን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ላታናግረው የማለችውን ባሏን ደግሞ ልታናግረው ግድ ሆነባት።

«ወደ ላይ ውጣ። አባ ገብረ ኪሮስ የት ነው በል። እህትህ መጥታለች፣ ደረጃው ሥር ናት በለው። መራመድ ካልቻለ አሸክመህ አምጣልኝ። ሌላ ነገር እንዳታይ!»

«ሌላ ነገር አላይም።»

«በእናትህ ሞት?»

«በእናቴ ሞት!»

መማል እንደማይገባ ስንት ጊዜ አስተማርናችሁ! ተዉት፣ ዛሬ ጉዳያችን እሱ አይደለም።

ስማቸው ወጣ። ይመኙሻል ጠበቀች። ጠበቀች። አንድ ቅጠል ከዋርካው ላይ ወደቀ፤ ወደ ጎን ተገፍቶ ወደቀ። አጉማስ ቅጠሉን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የጀልባዋን ገመድ አጠበቀ። ያ ቅጠል ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

በስተመጨረሻ ስማቸው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ብቻውን ነው። ፊቱ እንደ በዓል በርቷል።

«ይመኙ! ይመኙ! ላይ ወጥተሽ ብታዪው! ጣና በአራቱም ማዕዘን ይታያል! ዕቃ ቤቱን ከፍተው አሳዩኝ፤ ዘውድ አለ፣ ብራናው ደግሞ፣ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው...»

ለማን ነው ይህ የሚወራው? ላይ መውጣት ለማትችል ሴት! «ወጥተሽ ብታዪው» ይላታል! እኔ ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር እዚህ ላይ ራሴን ያመኛል።

«ወንድሜስ?» አለች።

ስማቸው ወደ ደረጃው ዞር ብሎ አየ።

«ታፈረስ፣ ስማቸው?»

«ማደሪያ በዓቱ ዝግ ነው። እዚያ የለም አሉኝ። ቆይ አሉኝና፣ እስክቆይ ድረስ...»

«የት ሄደ ብለህ አልጠየቅህም?»

አልጠየቀም። አለቀሰች። ተናድዳ አለቀሰች፤ ታውቁታላችሁ ያን ዓይነት ልቅሶ።

በዚህ መሃል አንድ አረጋዊ መነኩሴ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። እጃቸው ላይ የስማቸው ጃንጥላ አለ። «ልጄ፣ ዕቃ ቤት ረስተኸው» አሉት። አያችሁ? ጃንጥላውንም ረስቶታል! እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው፤ ጃንጥላውን ባይረሳ ኖሮ እኚያ አባት አይወርዱም ነበር። ሴትዮዋን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ ምን ሆነሽ ነው? የማን ቤተሰብ ነሽ?»

«የአባ ገብረ ኪሮስ እህት ነኝ፣ አባቴ።»

«እንዴ!» አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እሱማ ከማለዳ ጀምሮ አሸዋው ላይ ነው! ይህን ደረጃ እግሩ አልችል ካለው ቆየ። በአሸዋው በኩል ግን መንገዱ ሜዳ ነው። ቤተሰብ የመጣበት ሕመምተኛ ሁሉ እዚያ ነው የሚወርደው፤ ጀልባዋ ትጠጋለች፣ ሴትም ብትሆን ሳትወርድ ከጀልባዋ ላይ ታወጋዋለች። ትመጣለች ከተባለ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል። ለመሆኑ በዚያ አላለፋችሁም? መቋሚያውን አላነሣላችሁም?»

አንሥቶላቸው ነበር። ይመኙሻል አይታዋለች። አይታው ፊቷን አዙራለች። ታፈረ ነው እንደዚያ የጎበጠው? ያ የነጣ ጢም የታናሿ ነው? ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለች። በሶው ከጭኗ ተንከባለለ።

ስማቸው በሶውን አነሣ። ጃንጥላውን ተቀበለና እዚያው ድንጋዩ ላይ ጣለው። ሚስቱን ክንዷን ይዞ ጀልባዋ ላይ አስገባት።

«ዙር፣ አጉማስ።»

«ንፋሱ ገብቷል እኮ። በዚያ በኩል ከዞርን...»

«እባክህ ዙር። ውሃ ከገባ እኔ ቀድቼ እደፋለሁ።»

ጣና ማለዳ ሌላ ነው፣ ቀትር ሌላ ነው። ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ስማቸው አንድ የፕላስቲክ ጆግ ይዞ ተንበርክኮ ውሃ ይደፋል። ሾላውን አለፉ፤ ቀና አላለም። ርኩሞች ከራሳቸው በላይ ተነሥተው ሰማዩን ሞሉት፤ ቀና አላለም። ስልኩ በደረት ኪሱ ውስጥ ረጥቦ ጠፍቷል፤ አላወቀም። እንዲህ ይቻል ኖሯል! ያን ሁሉ ቀን ይቻል ኖሯል! አንጀት ያሳርራል እኮ።

አሸዋው ብቅ አለ። አባ ገብረ ኪሮስ እዚያው ነበር። ግን አልቆመም። ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አድርጎ፣ መቋሚያውን አሸዋው ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ታፈረ!» ብላ ጮኸች። ንፋሱ ወሰደባት። «አባ ገብረ ኪሮስ!» ብላ ጮኸች። ወሰደባት።

ያን ጊዜ ስማቸው ጆጉን ጣለና ተነሣ። ያ ቀኑን ሙሉ ያንገሸገሻት ትልቅ ድምፁ፣ ያ «ይመኙ! እይማ!» የሚለው ድምፁ፣ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ «አባ! እህትዎ መጥታለች! አባ!» አለ።

ሰውየው ዞረ።

መቋሚያውን ተደግፎ ተነሣ። ወደ ውሃው መጣ። ጀልባዋ ከዚያ በላይ ብትጠጋ ማዕበሉ አሸዋው ላይ ያላትማታል፤ አጉማስ በጭንቅ ነው የያዛት። ይመኙሻል መውረድ አትችልም፤ መሬቱ አይረገጥም። ታዲያ ምን ይደረግ? አባ ገብረ ኪሮስ ውሃው ውስጥ ገባ። ያ ደረጃ መውረድ ያቃተው እግር! እስከ ጉልበቱ ገባ። እስከ ወገቡ ገባ። «አባ ይመለሱ!» አለ አጉማስ። አልተመለሰም። መቋሚያውን ወደ ጀልባዋ ዘረጋ። ይመኙሻል ተጎንብሳ ጫፉን ያዘች፤ ባሏ እንዳትወድቅ መቀነቷን ከኋላ ጨብጧል። እንዲህ ሆነው፣ አንድ መቋሚያ በሁለት ጫፍ ይዘው፣ ተናገረች።

«እማማ ‹ጡቴም እኔም ይቅር ብለንሃል› ብላሃለች! በአፍሽ ንገሪው ብላኛለች! ጡቴም እኔም ይቅር ብለንሃል!»

ሰማ። ከዚያ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ?

«እታለም፣ ቅድም አይተሽኝ ፊትሽን ስታዞሪ ጊዜ፣ እናቴ ሳትምረኝ ሞተች አልኩ። ይህን ልትነግረኝ ጨንቋት ነው አለፈችኝ አልኩ።»

«በአንተ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «በአንተ አይደለም፣ ወንድሜ! ሌላ ሰው ላይ ተናድጄ ነው!»

ሌላ ሰው ላይ። ሌላው ሰው ከኋላዋ መቀነቷን ይዟል።

አባ ገብረ ኪሮስ ባረካት። ባሏንም ባረከው፤ ጀልባ ነጂውንም። ከዚያ አጉማስ ጀልባዋን አዞራት። ውሃው ውስጥ እንደቆመ መቋሚያውን አነሣላቸው፤ ይመኙሻልም እስኪሰወር ድረስ ፊቷን ከሱ ላይ አላነሣችም። በሶው? በሶውማ ጀልባዋ ወለል ላይ በጣና ውሃ ተበጥብጦ ቀረ። ማንም ትዝ ያለው የለም።

በዚያው ክረምት አባ ገብረ ኪሮስ ዐረፈ። «ጡቴም እኔም» እያለ ነው ያረፈው ይላሉ አብረውት የነበሩት።

እሺ። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ግማሾቻችሁ ስማቸው ናችሁ። አትኩረፉ! ቤተ ክርስቲያን ትመጣላችሁ። መዝሙሩ ደስ አለኝ ትላላችሁ፣ ምንጣፉ ተቀየረ ትላላችሁ፣ ሰባኪው ድምፁ ያምራል ትላላችሁ። ልታገኙት የመጣችሁትንስ አገኛችሁት? «የት ይሄዳል? እዚያው ነው ያለው» ትላላችሁ። አዎ፣ እሱ እዚያው ነው። ንፋሱ ግን ይነሣል! ቀትር ይሆናል! የእናንተ ጀልባ ናት ከማዕበል ጋር መታገል የማትችለው።

ሌሎቻችሁ ደግሞ በስማቸው ከት ብላችሁ ስቃችኋል። የሳቃችሁት እናንተ ይመኙሻል ናችሁ። እናንተ አደራችሁን አልረሳችሁም። በሶውን ቋጥራችኋል፣ ቃሉን በቃላችሁ ይዛችኋል፣ ልክ ናችሁ። ልክ በመሆናችሁ ግን ነድዳችኋል! ባል ረሳ፣ ሚስት አረፈደች፣ ጎረቤት አጥሩን ገፋ፣ አለቃ ሰደበ። እውነታችሁን ነው፣ ያናድዳል። ቀኑን ሙሉ የሰውን ጥፋት ስትቆጥሩ የተጠራችሁለት ሰው አሸዋ ላይ ቆሞ እጁን ያነሣል፤ እናንተ ፊታችሁን ታዞራላችሁ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? እናንተም አለቃችሁን ፈርታችሁ ቤት ገብታችሁ ልጃችሁ ላይ ታኮርፋላችሁ። ልጁ አለቃችሁን አያውቀውም! ልጁ የሚያየው ፊታችሁን ብቻ ነው። «አባቴ አይወደኝም» ይላል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። እናታችሁ ስልክ ትደውላለች፤ እናንተ በታክሲ ወረፋ ተናድዳችሁ «ኋላ እደውላለሁ» ትላላችሁ። እሷ የታክሲውን ወረፋ አላየችም። ድምፃችሁን ነው የሰማችው። ምን ብላ እንደተኛች ታውቃላችሁ?

ይመኙሻል ተመልሳ ደረሰች። ሊያመልጣት ትንሽ ሲቀረው ደረሰች። ስንቶቻችን ነን ያልደረስን?

ደግሞ አንድ ነገር አትርሱብኝ። እሷ መውረድ አልቻለችም፤ ሕጉ አይፈቅድላትም። ማን ወደ ማን መጣ? የተናቀው፣ የታለፈው፣ ፊት የተነሣው ነው ሳይቀየም ውሃ ውስጥ የገባው። እኛ መሻገር ሲያቅተን ወደ እኛ የወረደው ማን ነው? ፊታችንን አዙረንበት ሳለ? ስሙን ታውቁታላችሁ፤ የተሰበሰባችሁት በስሙ ነው።

እንግዲህ ጸሎት አድርሰን እንወጣለን። በሩ ላይ እንደ ልማዳችሁ ትጋፋላችሁ። ጫማ ትፈልጋላችሁ። አንዱ የአንዱን ጫማ ይረግጣል፣ አንዷ የሌላዋን ነጠላ ትጎትታለች፣ ትናደዳላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ያን ጊዜ ፊታችሁን ስታዞሩ ተጠንቀቁ። ከተረገጠው ጫማ ወዲያ ማን ቆሞ እንደሚጠብቃችሁ አታውቁም።